በአስር ቁጥሯ ራስ ላይ ያለፉ ኳሶች

የኮሌጃችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ፣ እኛ «መምህር» የምንላቸው፣ ታላቅ የታክቲክ ሊቅ ነበሩ። ይህን ያወቅኩት ራሳቸው ስለነገሩን ነው። በቀስት የተሞላ ደብተር ነበራቸው፤ ቀስቶቹ ሁሉ ከእኛ ግብ ተነስተው በቀጥታ ወደ ተጋጣሚ ግብ ይበራሉ። መሐል ላይ ማንም የለም።

መሐል ላይ ግን አንዲት ልጅ ነበረች። ከሳዑዲ ተመልሳ ትምህርቷን እንደገና የጀመረች ናት። ኳስ የተማረችው እዚያው ሰው ቤት ስትሠራ፣ የአሠሪዎቿ ልጆች ተጫዋች ሲጎድላቸው እየጠሯት ነው። በጠባብ ግቢ፣ መስኮት ሳትሰብር መጫወት ስለነበረባት ኳስ እግሯ ስር ሲደርስ ጸጥ ይላል። አሰልጣኙ ይህን አይተው አስር ቁጥር ማሊያ ሰጧት። ከዚያ ኳስ ከለከሏት።

እኔ አምበልና የመሐል ተከላካይ ነበርኩ። ሥራዬ የእሳቸውን ጥሪ መፈጸም ነው። «አንድ!» ሲሉ በቀኝ በረጅሙ እመታለሁ፤ «ሁለት!» ሲሉ በግራ በረጅሙ፤ «ሦስት!» ሲሉ መሐል ለመሐል፣ ያው በረጅሙ። ተጋጣሚ እንዳይነቃብን በቁጥር መሆኑ የግድ ነበር።

እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ በላይዋ የሚያልፈውን ኳስ ስትሸኝ ትውላለች። በእረፍት ሰዓት ደግሞ፣ «አንቺ፣ ጨዋታው ውስጥ የለሽም!» ይሏታል።

ከአጅባር የመጣ ቡድን መካነ ሰላም ላይ ሲገጥመን፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነፋሱ በእኛ ላይ ዞረ። በረጅሙ የመታሁት ኳስ ሰማይ ላይ ቆም ብሎ ያስብና ወደ እኔው ይመለሳል። እንዲህ እያልን አንድ ለዜሮ ተመራን።

ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። «እህቴ፣ አንዴ ብቻ በመሬት ስጪኝ።»

«ይቆጡኛል።»

«አብሽሪ፣ ነፋሱ ነው፣ አልሰማሁም በያቸው።»

«ሦስት!» አሉ መምህር። እግሯ ስር ሰጠኋት። አንዷን ዞር ብላ አለፈቻት፣ ሁለተኛዋን በዓይኗ ብቻ አታለለቻትና ለአጥቂያችን አቀበለቻት። አጥቂያችን ከሰማይ ያልወረደ ኳስ አይታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ አገባች። እኔም እስከ መጨረሻው ደንቆሮ ሆንኩ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን።

«ሦስት ቁጥር እንዴት እንደሠራ አያችሁ?» አሉ መምህር በኩራት።

እኔን ግን ለብቻዬ ጠርተው፣ ጆሮዬን እስክታከም ተጠባባቂ እንደምሆን ነገሩኝ። ለእሷ ደግሞ ውለታዋን ከፈሏት። እግሯ ዒላማ ስለማይስት በእኔ ቦታ ገብታ ረጃጅሙን ኳስ እንድትመታ ወሰኑ።

ደጎሎ ላይ እንደታዘዘችው መታች። እንዴት ያሉ ኳሶች! እያንዳንዱ ቀስቱ የተሳለበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ እዚያ የሚቀበለው ግን የለም። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መምህር ከፊት ሆነው ደብተራቸው ላይ አዲስ ቀስት ይስላሉ።

«ለምን ታዘዝሻቸው?» አልኳት።

«ለምጄዋለሁ» አለች። «ማዳሜም እንዲህ ነበረች። ወጡን የምሠራው እኔ፣ ጨው የምታዘው እሷ። ሲበዛ ደግሞ የምሰደበው እኔ።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ ራሴ ስንት ኳስ እንደነፈግኳት ትዝ ሲለኝ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።