የታችኛው ወሰን

ትናንት የፈተና ወረቀት ሳርም፣ አንድ ተማሪ ግምቱን በታችኛና በላይኛ ወሰን መካከል ማስቀመጥ ሲገባው አንድ ነጠላ ቁጥር ብቻ ጽፎ በሁለት መስመር አስምሮበት አገኘሁ። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥሁ። ነገሌ ቦረና ትዝ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ለአገልግሎት ወደዚያ የተላክሁት ዝናብ በጠፋበት ዘመን ነበር። ሥራዬ በቆላው እህል የሚያስፈልገው ሕዝብ ምን ያህል እንደሆነ መገመት ነበር። ሁሉንም መንደር ማዳረስ ስለማይቻል ጥቂቶቹን በዕጣ መርጬ፣ ከነገሌ በያቤሎ በኩል እስከ ዱብሉቅ በላንድሮቨር ዞርን። ቀዩ አቧራ ከምንበላው ደረቅ ዳቦ ጋር ጥርሳችን ላይ ኮሽ ኮሽ ይል ነበር። የሞቱ ላሞች ሽታ ከመንደሩ ቀድሞ ይቀበለናል።

አስተርጓሚዬ አዴ ፋጡማ በነገሌ ሱቅ የነበራቸው፣ ቀልድ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። በዚያ አገር ልጅንና ከብትን መቁጠር ነውር ነው፤ ክፉ ይጠራል ይባላል።

"ስንት ልጅ አለሽ ብለሽ ብትጠይቂ ውሻ ይለቁብናል" አሉኝ። "የሚነክሰው ደግሞ እኔን ነው፤ ሥጋው ያለው እኔ ላይ ነው።"

ስለዚህ "አካም፣ ናጋ" ተባብለው ከተቀመጡ በኋላ፣ "ጠዋት ስንት ኩባያ ትቀጃለሽ?" እያሉ ይጠይቁልኝ ነበር፤ እኔም ከኩባያው ብዛት የቤቱን ልጆች ቁጥር እገምታለሁ።

አንዲት እናት ይህን ስትጠየቅ ወደ ኩባያዎቿ ተመለከተች። ከዚያ በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገረች። አዴ ፋጡማ ሳይተረጉሙ ፊታቸውን አዞሩ።

"ምን አለች፣ አዴ?"

"'የአምናውን ነው የዛሬውን?' አለች። የዛሬውን ጻፊ።"

ነገሌ ተመልሼ ስሌቱን ሠራሁ። ያየኋቸው መንደሮች ጥቂት ስለነበሩና አንዱ ከሌላው እጅግ ስለሚለይ፣ ግምቴ ሰፊ ሆነ፤ የላይኛው ወሰን የታችኛውን እጥፍ ያህል ነበር። እውነተኛው ቁጥር በመካከላቸው ለመሆኑም እርግጠኝነቴ ሙሉ አልነበረም፤ ይህንንም ጻፍሁ።

እርዳታውን የሚያስተባብሩት አለቃዬ ደግ ግን ፈሪ ሰው ነበሩ።

"ልጄ፣ መኪና 'ከዚህ እስከዚህ' ተብሎ አይጫንም። አንድ ቁጥር ስጪኝ።"

"አንድ ቁጥር የለኝም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያውስ ዝቅተኛውን እንጠይቅ። አበዛችሁ ከምንባል ይሻላል።"

"ብናበዛ እህል መጋዘን ውስጥ ይቀራል፤ ብናሳንስ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል።"

"አውቃለሁ" አሉና ፈረሙ።

ደጋግሜ ደጅ ጠናሁ። ለመንሁ፤ አለቀስሁም። የተፈረመው አልተለወጠም።

መኪኖቹ ዱብሉቅ ሲደርሱ እኔም እዚያ ነበርሁ። የመጨረሻው ጆንያ ታድሎ ሲያልቅ የሰልፉ ጫፍ ገና ከመንደሩ የውሃ ጉድጓዶች ማዶ ይታይ ነበር። እናቶች ባዶ ከረጢታቸውን አጥፈው፣ ሕፃናቱን አዝለው፣ በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

"ምን ልበላቸው?" አሉኝ አዴ ፋጡማ።

ያን ስሌት ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከመነሻው እሠራዋለሁ። ስህተት አላገኘሁበትም። እህል ፍለጋ የመጣው ሕዝብ ቁጥር በሁለቱ ወሰኖቼ መካከል ነበር። ልክ መሆኔ ግን ከዚያ ሰልፍ አንድም ሰው አላበላም።