ዘፈን የሌለው ፊልም

ዲስኩ ማጫወቻው ውስጥ ገብቶ መዞር ሲጀምር እንደ እንዝርት ያለ ስስ ድምፅ ያሰማል። ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። «የድሮ የህንድ ፊልም ነው፣ አያቴ፤ የእናንተ ዘመን» አለችኝ። ሐምሌ ስለነበር በሩን ዘግተን፣ ጋቢ ደርበን ተቀምጠናል። ሽፋኑ ላይ ቀይ ልብስ የለበሰች ሴት እንስራ ተሸክማ ወንዝ ዳር ቆማለች።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ፊልም ይታይበት በነበረው አዳራሽ በር ላይ ተለጥፋ ነበር፤ አንዱን ጥግ ዝናብ ልጦታል። ፊልሙን ግን አላየሁትም። ያን ቅዳሜ ተራው የእህቴ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባታችን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለሆነ «የካህን ልጅ ሲኒማ ስትገባ ታየች» መባልን አይወድም። እናታችን ታማ ተኝታለች። ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ እናታችንን ታስታምማለች፤ ጎን ለጎንም የበግ ጸጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ትሸጣለች። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ስገባ፣ አባታችን ከጠየቀ «ጥናት ሄዳለች» የምትለው እሷ ናት። በምላሹ የምትፈልገው ፊልሙን እንድነግራት ብቻ ነበር።

አዳራሹ እርጥብ ጋቢና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል። ከማሽኑ የሚወጣው ብርሃን ውስጥ አቧራው ሲንሳፈፍ ይታያል። ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ማንበብ የምንችለው እኛ ተማሪዎቹ ነን፤ ከኋላችን ያሉት ትልልቅ ሰዎች «ምን አለችው? ንገሪን እንጂ!» እያሉ ትከሻችንን ይነካሉ። በዚህ እኮራ ነበር።

ቤት ስገባ እህቴ መስኮቱ ሥር፣ ከጸጉሩ ክምር አጠገብ ትጠብቀኛለች።

«አታሳምሪው» ትለኛለች እንዝርቷን እያሾረች። «እንዳየሽው ንገሪኝ።»

ከዚያ ያላየችውን ፊልም ትተቻለች።

«ዝናብ ውስጥ ነው የሚዘፍኑት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በዚያ በስስ ልብስ?»

«በስስ ልብስ።»

«እዚህ አምጥቶ አንድ ሐምሌ ማክረም ነበር። ፍቅራቸውን ያኔ እናየው ነበር።»

እናታችን ከአልጋዋ ላይ ትስቃለች። በዚያ ዓመት ስትስቅ የምሰማት በዚህ ሰዓት ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ እህቴ ስለ ክፉው ሰውዬ «ገና ሲገባ በጢሙ ይታወቃል። እውነተኛው ክፉ እንዲህ ቢታወቅ ምን ነበረበት» ብላለች። ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ጸጉሩን ከጣርማ በር የሚያመጣልን አንድ ወጣት ነበር። ከረጢቱን ደጃፍ ላይ ካወረደ በኋላ ለመሄድ አይቸኩልም። አንዳንዴ እኔ ፊልም ሳወራ ከደረሰ በሩን ተደግፎ ይሰማል፤ የሚስቀው ግን በእኔ ወሬ ሳይሆን በእህቴ ትችት ነበር። በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና መመልመሉን ሰማን። እህቴ ያን ዕለት እንዝርቷን ሳታነሳ ዋለች፤ እኔም ነገሬ አላልኩትም።

በዚያው ሰሞን አባታችን ለንግሥ አንኮበር ሄደ። «ነገ እኔ ልግባ፤ አንቺ እናታችን ጋ ሁኚ» አለችኝ እህቴ። ደስ አለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ ትየው ብዬ። ዓርብ ከሰዓት ዳቦ ቆሎ ቆላች።

«ይህን ሁሉ?» አልኳት።

«ሲኒማ ውስጥ ይበላል አላልሽም?» ብላ በነጭ ጨርቅ ቋጠረችው።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። ቋጠሮውን ሳትፈታው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፊልሙ ይዞኝ ረሳሁት፤ ብዪው» አለችኝ። ፈትቼ እየቆረጠምኩ «በይ ንገሪኝ» አልኳት።

«ወታደር የጫነ መኪና ነው» አለች። «አንዲት ልጅ ስንቅ ይዛ መንገድ ዳር ትጠብቃለች። መኪናው ሲመጣ የምትጠብቀውን ልጅ ከኋላ ተጭኖ አየችው። እሱም አያት፤ እጁን አነሳላት። ሮጠች። መኪናው አልቆመም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ቤቷ ተመለሰች።»

«ዘፈኑስ?»

«ዘፈን የለውም።»

«ዘፈን የሌለው የህንድ ፊልም?»

«እኔ ያየሁት የለውም።»

ሳቅኩ። አፌ ዳቦ ቆሎ እንደሞላ ሳቅኩ። «ይኼ ፊልም አይረባም፤ ሲኒማ ቢሆን መኪናው ይቆም ነበር። ደግሞ ጽሑፉን ስለማታነቢው ሳይገባሽ ቀርቶ ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለችና እንዝርቷን አነሳች።

ከዚያ ወዲያ ጸጉሩን የምታመጣው የወጣቱ እናት ሆነች። ከእህቴ ጋር ሳይነጋገሩ ብዙ ይቀመጡ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እህቴም ሲኒማ ልግባ ብላ ሌላ ቀን አልጠየቀችኝም።

አሁን ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት። ቀይ ልብስ የለበሰችው ሴት ገና ከመጀመሪያው ትዘፍናለች፤ ወንዝ ዳር ትዘፍናለች፤ በሠርጓም ትዘፍናለች። ወታደር የለም። መኪና የለም። የልጅ ልጄ «ምነው አያቴ፣ አልወደድሽውም?» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

በማግስቱ ደነባ ደወልኩ። እህቴ እዚያ ተድራ፣ ወልዳ አርጅታለች። ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ማለት ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በጩኸት አይወራም።

«ያን ፊልም አየሁት» አልኳት።

«የቱን?»

«አንኮበር አባታችን የሄደ ጊዜ፣ አንቺ የገባሽበትን።»

 ከግቢዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ዘፈን አለው?» አለችኝ።

«ሞልቶታል፣ እትዬ።»

«መኪናስ?»

«የለውም። እኔ እኮ ያኔ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ቀሪውን ጮክ ብዬ ማለት አቃተኝ።

«ዳቦ ቆሎው ጣፍጦሽ ነበር?» አለችኝ።

በላሁት እንጂ ጣፈጠ ብዬ ነግሬያት አላውቅም።

«ጣፍጦኝ ነበር።»

«እሰይ» አለች። «እሱም ይወደው ነበር።»