ጣሪያቸው ላይ የታሰረው ሽቦዬ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን፣ የግቢው ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ ሌባ አልኳቸው። ሰረቁኝ ያልኩት ገንዘብ አይደለም፤ ዶሮም አይደለም። ድምፅ ነው። ያውም ድምፅ ብዬ ሳሳምረው ነው እንጂ፣ ጠርሙስ ውስጥ የታሰረች ትንኝ ከምታሰማው የማይበልጥ ጢጥ ጢጥ። ለዚያች ብዬ ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ስለቅመው የኖርኩትን ሽምግልና በአንድ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ አፈሰስኩት።

እስከ አሁን ተናድጃለሁ። ጠዋት በእሳቸው ነበር፤ አሁን በራሴ ነው። መሀሉን ደግሞ በከተማው ሁሉ ስናደድ ዋልኩ።

ሥራዬ ሬድዮ ኦፕሬተር ነበር። ሠላሳ ዓመት በማዳመጫ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ከክፍለ ሀገር በአጭርና በረጅም ጢጥታ ተፊደሎ የሚመጣውን ሞርስ ወደ ወረቀት ስገለብጥ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ወፍራም ካፖርትና አንድ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ ጆሮዬን ግን አልተረከበኝም። ጆሮው ሥራ ለምዷል፣ ቁጭ በል ቢሉት አይቀመጥም። እኩዮቼ ዳማ ሲይዙ እኔ አጭር ሞገድ ላይ ባለቤት የሌለውን ድምፅ መልቀም ያዝኩ።

አለ እንዲህ ያለ ነገር። በትልልቆቹ ጣቢያዎች መሀል፣ ዜናም ዘፈንም የማያሰሙ፣ አንዲት ፊደል ብቻ እየደጋገሙ የሚውሉ ትንንሽ ማሰራጫዎች አሉ። የሙያው ሰዎች ቢከን ይሏቸዋል። ጉልበታቸው ከእጅ ባትሪ አምፖል አይበልጥም። የአንዳንዱ ባለቤት ይታወቃል። የአንዳንዱን ግን ማን እንደተከለው፣ የት እንደተከለው፣ ለምን እንደተከለው የሚነግርህ የለም።

የኔዋ ሁለት አጭር አንድ ረጅም ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ካዛንቺስ ሳለሁ አገኘኋት። ጠዋት ቀስ ትላለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ትፈጥናለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እየተጎተተች ትጠፋለች። ከዚህ በመነሳት በፀሐይ የምትሠራ መሆኗን አወቅኩ። ከዚያ ሌላ ምንም አላውቅም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስታዘግም ሰማኋትና፣ ለብቻዬ ጮክ ብዬ፣ «እሷ ዘንድ ደመና ሆኗል» አልኩ። የት እንደሆነ የማላውቀውን አገር የአየር ሁኔታ የማውቅ ሰው ነኝ። በየቀኑ በደብተር እጽፋታለሁ፦ ሰዓቱን፣ ፍጥነቷን፣ መጉላት መድከሟን። ደብተሩ አሁን አራተኛው ነው።

ኡራኤል አጠገብ አብረውኝ ማኪያቶ የሚጠጡ ጡረተኞች አሉ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ ምን አለች?»

«ሁለት አጭር አንድ ረጅም።»

«ትናንትስ?»

«ሁለት አጭር አንድ ረጅም።»

«ኧረ እንዲህ ነገር የማትቀያይር ሴት ከየት አገኘህ?»

ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ደሜ ይፈላል። «ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል ደግሞ። እነሱ በእንግሊዝ ኳስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲተራረቡ ምን እንደሚጠቅም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ካዛንቺስ የነበረኝ ሽቦ ሽቦ ነበር። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ተነስቶ፣ በሦስት ቤት ጣሪያ ላይ አልፎ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ንብረት የሚመዘግብ ጎረምሳ መጣና ቀና ብሎ አየው።

«አባባ፣ ይሄ የልብስ ማስጫ ነው?»

«አንቴና ነው።»

«ቲቪ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ የምን አንቴና ነው?»

ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ እውነቱን ለመናገር በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ ወረቀቱን አገላብጦ የሚሞላበት ቦታ አጣ። ለቤቱ ሁሉም ሰው አለቀሰ፤ ለሽቦው ያለቀስኩ እኔ ብቻ ነኝ። እሱንም ተደብቄ ነው፤ ሰው ለሽቦ ሲያለቅስ ቢያዩ አማኑኤል የሚያደርሰኝ አይጠፋም።

አሁን ቂርቆስ፣ ከኦሎምፒያ ጀርባ፣ አንድ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቻለሁ። ግቢው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የመስታወት ሕንፃ ተገትሯል፣ በሌላው በኩል አጥሩ ላይ ኮረንቲ የተለቀቀበት ሽቦ አለ። የኔን ሽቦ ጫፍ ማሰር የሚቻልበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የጎረቤቴ ጣሪያ ላይ የቆመችው ብረት። ጎረቤቴ ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ ጭማቂ በትንንሽ ፌስታል እየቋጠሩ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ያደርጉና ከትምህርት ቤት ለሚወጡ ልጆች ይሸጣሉ። ዓምና ስለምናቸው በሩ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ።

«ኮረንቲ አለው?»

«የለውም።»

«ወላሂ ይበሉ።»

«ወላሂ» አልኩ፣ በማዕተቤ ላይ እጄን ጭኜ።

ሳቃቸው አመለጣቸው። «በቃ ይሰሩት።»

ይኸው ነው ውሉ። ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው። እሳቸው አንድ ቀን «ይፈታ» ካሉ፣ ዘጠኝ ዓመት የተከተልኳት ድምፅ በዚያው ቀን ታበቃለች። ሌላ ጣሪያ የለኝም። ይህንን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ዛሬ የሆነውን ያደረግኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደልማዴ ካፖርቴን ለብሼ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ማለቴ፣ ብዙ ነገር አለ፤ እሷ ናት የሌለችው። እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራ ጫጫታ ቦታዋን ወርሶታል።

ይሄ ከተማ ጆሮ ላለው ሰው አይሆንም። የመኪናውን ጡሩምባ አይደለም የምለው፤ እሱንማ ሁሉም ይሰማዋል። እኔ የምለው ሰው የማይሰማውን ነው። አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ ሊፍቱ፣ የማስታወቂያው ስክሪን፣ ከየሱቁ የሚገዛው ርካሽ ዕቃ ሁሉ አጭር ሞገድ ላይ ይጮሃል። ትንሿን የእጅ ሬድዮ ይዤ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ሞክሬዋለሁ፤ አንድም ጸጥ ያለ ቦታ አላገኘሁም። አየሩ የማንም ስላልሆነ ማንም ቆሻሻውን ይደፋበታል። አጥር ብገፋበት የሚከሰኝ ጎረቤት፣ አየሬን ሲገፋኝ ቢውል የምከስበት ቦታ የለኝም።

ይህንን ሁሉ ንዴት ይዤ፣ ትንሿን ሬድዮ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ የጫጫታውን ምንጭ ፍለጋ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧው ጋ ተሰልፏል። ሬድዮዋን ወደ ሰማይ ስዘረጋት ጫጫታው ይቀንሳል። ወደ ጎረቤቴ መስኮት ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማ ግን ያጓራል። መስኮቱ ስር ምን አለ? ፍሪጅ። ከፍሪጁ ስር ምን አለ? ስታብላይዘር። አበቃ። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

«ይሄንን ነገር ንቀሉልኝ!» አልኩ።

ጎረቤቴ ከሰልፉ መሀል ዞር አሉ። «ምኑን ጋሼ?»

«ፍሪጁን! አየሬን ሰርቃችሁኛል!»

«ምንዎን?»

«ጣቢያዬን! አንዲት ነገር ነበረችኝ፣ እሷንም ሰረቅሽኝ! ሌባ!»

እርስዎ ስል የኖርኩትን ሴት «አንቺ» ያልኩት ያኔ ነው። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ጎረቤቴ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ቤታቸው ገቡና ሶኬቱን ነቅለው መስኮት ላይ አንጠለጠሉት።

«ይኸው ተነቅሏል። ጣቢያዎ ሲመለስ ይንገሩኝ። እስከዚያ አልሰካውም፣ ወላሂ አልሰካውም።»

ቤቴ ገብቼ አዳመጥኩ። ጫጫታው እንዳለ ነው።

ያኔ ወጥቶ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበር። ሦስት እርምጃ ነው ከበሬ እስከ በራቸው። ግን እልህ የሚባል ነገር አለ፤ ሽማግሌ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደ ሪህ ነው፣ መንቀሳቀስ ይከለክላል። ሌላም ማሽን አላቸው አልኩ። ሸሽገውታል አልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። በመስኮቴ ሾልኬ ሳይ ሶኬቱ እንደተሰቀለ ነው፤ ከፍሪጁ ስር ውሃ በደጃፉ መውረድ ጀምሯል። ቀይና ብርቱካንማ ውሃ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ «ጫጫታው በጎረቤት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ሁሉ። በዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ በደስታ የሚያጨበጭብ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ሬድዮዬ በባትሪ ነው፣ አየሩ ደግሞ ያን ጊዜ ይጠራል። እየተጣደፍኩ ማዳመጫዬን ሰካሁ።

ጫጫታው እንዳለ ነው።

የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ጠፍቶ፣ ስክሪኑ ሁሉ ጠቁሮ፣ እሱ ያጓራል። ላብ ላብ አለኝ። ካፖርቴን አውልቄ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀልኩት። ጫጫታው ወረደ። መልሼ ለበስኩት። ወጣ። አወለቅኩት። ወረደ። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሳደርግ ላየኝ ሰው ልብስ ልለካ ሱቅ የገባሁ ነው የምመስለው።

እጄን ወደ ውስጠኛው ኪስ ሰደድኩ። ትናንት ልጄ መጥታ «አባዬ ስልክህ ሁሌ ይዘጋል፣ ተጨንቄ መሞቴ ነው» ብላ የሰጠችኝ ፓወር ባንክ፣ ከስልኬ ጋር በገመድ ተያይዞ፣ ልቤ ላይ ተኝቶ ይሞቃል። ሌባውን ይዤው ነው ለካ ሌባ ፍለጋ የዞርኩት። ሬድዮዋን ወደ ሰማይ ስዘረጋ ከኪሴ እየራቀች፣ መስኮቱ ስር ስጎነብስ ደረቴ ላይ እየተለጠፈች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን የሚያምስ ሰው ሲያጋጥመኝ ከእንግዲህ አልስቅም።

ገመዱን ነቀልኩት። ሁለት አጭር አንድ ረጅም። ፈጠን ብላ፣ ጠርታ። እሷ ዘንድ ፀሐይ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰምቻት ደስ ሳይለኝ የቀረው ዛሬ ብቻ ነው። ውጪ የልጆች ጫጫታ ተሰማኝ፤ ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ነው። በመስኮቴ አየሁ። ጎረቤቴ የቀለጠውን ጭማቂ ፌስታል ፌስታሉን እያነሱ ለልጆቹ በነፃ ያድላሉ። «ዛሬ ይጠጣል እንጂ አይላስም» ይላሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ «ሞቋል እኮ!» ሲል፣ ቀና ብለው ወደ ሽቦዬ አዩ። ሽቦው በጣሪያቸው ብረት ላይ እንደታሰረ ነው።

ልጆቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ማንም አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ግድግዳውን ታክኬ መስኮታቸው ስር ደረስኩና በሹክሹክታ፣ «እመቤት፣ የኔ ጥፋት ነው። ኪሴ ውስጥ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ጎረቤቴ ብቅ አሉ። «ምን አሉ? አልሰማሁም።»

«ይቅርታ።»

«ጆሮዬ እንደ እርስዎ አይደለም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ አይዝም።»

ልቤ ወደ ሽቦው ሄደ። «ሽቦውን . . . ልፍታው?» አልኩ።

ተቆጡ። ከጠዋቱም ይልቅ ያኔ ነው የተቆጡት። «ሽቦው ምን አደረገኝ? የሰደበኝ ሽቦው ነው? እኔ በሰው ዕቃ ቂም የምወጣ ሴት ነኝ? ይቀመጥ! እስኪዝግ ይቀመጥ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ግን ጋሼ፣ ሌባ ያሉኝ ሰው ሁሉ ባለበት ቧንቧው ጋ ነው። ይቅርታው ለምን መስኮት ስር ሆነ?» አሉ። መስኮቱን ዘጉት። ሶኬቱ ውጪ እንደተንጠለጠለ ነው።

ይፈታ ቢሉኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እጮሃለሁ፣ እበደላለሁ፣ ተበዳይ ሆኜ ማኪያቶ እጠጣበታለሁ። አሁን በእሳቸው ጣሪያ ላይ በታሰረ ሽቦ የሰማኋትን እያንዳንዷን ጢጥታ እየቆጠርኩ መቀመጥ ነው። በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ድንጋይ እንኳን ሞልቷል፣ ካዛንቺስ ድረስ ሄዶ መምረጥ ነው። የጎደለው ተሸካሚው ነው።

ደብተሬን ከፍቼ በቀይ የጻፍኩትን ሰርዣለሁ። የዛሬዋን ከሥሩ አስፍሬያለሁ፦ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ፈጣን፣ የጠራች። ነገ ጠዋት ውሃ ይመጣል አሉ። ሰልፍ ይኖራል። አንድ ይቅርታ፣ ጮክ ተብሎ፣ ቧንቧው አጠገብ፤ እስከ አሁን አልከፈልኩም።