ፀሐይ ላይ ያለቀ ተረት

«በቀን ተረት የሚያወራ ሰው መንገድ ይጠፋዋል።»

አባባ ይርጋ ይህን ያሉኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አትላንታ አጠገብ፣ ማሪዬታ ውስጥ፣ ከጓሮው ጥድ በበዛበት አፓርታማ ስንኖር። አባባ ይርጋ የእናቴ አጎት ነበሩ። እኔና እናቴ በዲቪ በመጣን በዓመቱ፣ እሳቸውን ያስመጣቸው ልጃቸው ለሥራ ወደ ሲያትል ሄደና ቤቱን እስኪያደላድል እኛ ዘንድ ቆዩ። ያኔ እናቴ ደንዉዲ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። አባባ ይርጋ ደግሞ ሚድታውን ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር፣ የማታ ሽፍት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄደው ጎሕ ሲቀድ ይመለሳሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እኔ በመካከላቸው ብዙ የማላወራ፣ ሁሉን ግን የማይ ልጅ ነበርኩ። አስተማሪዬ አንድ ቀን እናቴን ጠርታ «ልጅሽ ጆሮዋ ይሰማል ወይ?» ብላ ጠይቃታለች። ይሰማል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይሰማ ነበር።

ተረቱ የተጀመረው መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። አመሻሹ ላይ ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ መጥቶ የጓሯችንን ጥዶች ሲያርገፈግፍ ቆየና ድንገት ፍሪጁ ዝም አለ፤ ቴሌቪዥኑም፣ ኤሲውም ዝም አለ። ቤታችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። የአባባ ይርጋ አለቃ ደውሎ ሚድታውንም መብራት ስለሌለ እንዳይመጡ ነገራቸው። እናቴ አንድ ወፍራም ሻማ አብርታ ሳህን ላይ አቆመችው፤ የክብሪቱ ጭስ፣ የሚቀልጠው ሰምና በመስኮቱ የሚገባው የእርጥብ ጥድ ሽታ ተደባልቀው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አሉ። አባባ ይርጋ ሹራባቸውን ደርበው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጥላቸው ጣሪያውን ሞላው።

«ተረት ተረት» አሉ።

ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ የዋለችው እናቴ እንደ ሕፃን ፈጥና «የላም በረት!» አለች።

አንድ አንበሳ ነበር። ከዋሻው ሳይወጣ አንድ ጊዜ ሲያገሳ የአገሩ አራዊት ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ በየተራቸው ወተቱን፣ ማሩን ተሸክመው ደጁ ያደርሳሉ፤ ሲሄዱም ሲመለሱም መንገድ ላይ እንዳያገኛቸው ዳር ዳሩን፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ተራው የሚዳቋ ሆነ። ሚዳቋ ላም የላት፣ ቀፎ የላት፤ ባዶ እጇን ሄዳ ከዋሻው ደጅ ቆመች። አንበሳው ከጨለማው ውስጥ ሆኖ «ምንም ካላመጣሽ አንቺን እበላለሁ። ቅረቢ!» አላት።

ልክ እዚህ ላይ መብራቱ መጣ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፤ ስልኩም ጮኸ፣ አለቃቸው ነበር። አባባ ይርጋ ሻማውን እፍ አሉትና ጫማቸውን ማሰር ያዙ።

«እና ሚዳቋስ?» አልኳቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ንግግር ነበር።

«ሲመሽ እነግርሻለሁ፣ ቤዝዬ።»

ግን ሲመሽ እሳቸው አይኖሩም። እሑድ ማታ እንኳ የሌላ ሰው ሽፍት ይሸፍኑ ነበር። ቀን ላይ ስጠይቃቸው ጣታቸውን አንስተው ያቺን መጀመሪያ ላይ የጻፍኳትን ቃል ይነግሩኛል፤ በአገራቸው በጠራራ ፀሐይ ተረት እያወራ ከገበያ ሲመለስ ከነአህያው ደን ውስጥ ስለቀረ ነጋዴም ይጨምሩልኛል። እኔም አመንኩ። ሚዳቋ ከዋሻው ደጅ እንደቆመች ቅጠሉ ረገፈ፣ ብርዱ መጥቶ ሄደ። ስኩል ባስ ውስጥ አስባታለሁ። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ሲስቁብኝ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ፣ አስባታለሁ።

በዚያ ዓመት የአባባ ይርጋ ሐኪም «ሹገርዎ ሃይ ነው፤ ዎክ ማድረግ አለብዎት» ስላላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ እዚያው አቅራቢያ አንድ ቢሮ ስታጸዳ፣ እኔንና እሳቸውን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደን የለበሰ ተራራ ሥር ታወርደን ነበር። ደኑ ውስጥ የእግር መንገዶች አሉ፤ አንዱ ወንዙን ተከትሎ ይዞራል፣ አንዱ ሽቅብ ይወጣል። አባባ ይርጋ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚመጡት። «ሰው በሚገኝበት ቦታ እንዴት በቁምጣ ይሄዳል?» ይላሉ። በቁምጣ የሚሮጠውን ፈረንጅ ሁሉ ባርኔጣቸውን እያነሱ በአማርኛ ሰላም ይሉታል፤ «እንዴት አደርክ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» ሯጩም «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር!» ብሎ ያልፋል። «አየሽ፣ ደህና ናቸው» ይሉኛል።

እሳቸው ሰው ሲያዩ እኔ ዛፍ አያለሁ። ግንዶቹ ላይ እዚህም እዚያም የመዳፍ ያህል ቀለም ተቀብቷል፤ የመንገድ ምልክት ነው። መግቢያው ላይ በተሰቀለው ካርታ ሰማያዊው የወንዙ መንገድ ነው፣ ሁልጊዜ የምንሄድበት፤ ነጩ ግን ወደ ጫፉ ይወጣና ከዚያ ሰፊ አስፋልት ወደ ፓርኪንጉ ይወርዳል። ማንም አላስተማረኝም። እሳቸው ስለ ሰው ከብት ሲጠይቁ ቆሜ ያየሁት ነው።

በጸደይ፣ ደመና በሞላበት አንድ ቅዳሜ፣ መኪና ውስጥ እናቴ «እንግዲህ ማክሰኞ በረራዎ ነው። ሲያትል ዝናብ አይጠፋም አሉ፤ ጃንጥላዎን እንዳይረሱ» አለቻቸው። ማክሰኞ። ሚዳቋ እዚያው እንደቆመች ልትቀር ነው። እናቴ ደግሞ ስታወርደን «እኩለ ቀን ላይ እዚሁ ጠብቁኝ፤ ዛሬ ከሆቴሉም ጠርተውኛል፣ እንዳታስረፍዱኝ» ብላን ሄደች።

ከደኑ መግቢያ አንድ መጸዳጃ ቤት አለ፤ ትልልቅ ዛፎች ተጫጭነውታል። ከጣሪያው ሥር ሲጨልም በራሱ የሚበራ፣ ሲነጋ በራሱ የሚጠፋ መብራት አለው። በዚያ ጠዋት በርቶ ነበር። አንዲት የእሳት ራት ትዞረዋለች። ከታች ከወንዙ እንቁራሪቶች እንደ ማታ ይጮኻሉ።

ቆምኩ። «አባባ፣ መሽቷል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። «መብራቱ የሚበራው ሲመሽ ነው፤ በርቷል። የእሳት ራቷም ወጥታለች። እንቁራሪቶቹም ጀምረዋል። እዚህ መሽቷል። ያልመሸው ፓርኪንጉ ጋ ነው።»

አባባ ይርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መብራቱን አዩ፤ ቀና ብለው ሰማይ የሌለበትን የዛፎች ጣሪያ አዩ፤ ሰዓታቸውን ሊያዩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተዉት። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይሉናል! ያንቺስ ለምሳም ይተርፋል። ዓመት ሙሉ ዝም ያልሽው ጠበቃ ልትሆኚብኝ ኖሯል? በይ ነይ፣ ሳይነጋብን እንሂድ!»

ሄድን። ከሽርሽር ሜዳው አንድ ሰው ፍም አያይዞ ሥጋ ሊጠብስ ኖሮ፣ ጭሱ በዛፎቹ መካከል እየተሳበ ይከተለን ነበር፤ ለእኔ ያ ጭስ የምሽት ምድጃ ሆነልኝ። አባባ ይርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አንበሳውን አስገሱት፣ ወተቱንና ማሩን አስጫኑ። ጆሮዬን ሰጥቼ ዓይኔን ረሳሁት። «ሚዳቋ አንገቷን ደፋች» አሉ፤ «ሁልጊዜ መሬት መሬት የምታይ ናት፣ እንዳንቺ። መሬቱን ስታይ ታዲያ ምን ብታይ ጥሩ ነው?» ብለው ቆሙ። የቆመው ተረቱ ብቻ አልነበረም። ከፊታችን የወደቀ ትልቅ ግንድና ቅጠል እንጂ መንገድ አልነበረም፤ በየትኛውም ዛፍ ላይ ቀለም የለም።

«አላልኩሽም?» ድምፃቸው ተለወጠ። «ያ መብራት አታለለን። ቀን ነው ያወራሁት!» ጃንጥላቸውን መሬት ተክለው ላባቸውን ጠረጉ። «በቃ፣ ተረቱ እዚህ ይቁም። እናትሽን ከሥራዋ ልናጣላት ነው።»

ያኔ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ሕጉን እንደ እሳቸው አምኜው ነበርና። ነጋዴው፣ አህያው፣ ደኑ፣ ሁሉም ታየኝ። ግን ያቺን ሚዳቋ እንደገና እዚያው አቁሜ መሄድ ደግሞ አልቻልኩም። አንገቴን ደፋሁ፤ የማውቀው እሱን ነው። ስደፋ የግንዱ ሆድ ላይ፣ መሬቱን ሊነካ በቀረበው በኩል፣ ነጭ ቀለም አየሁ። ዛፉ ሲወድቅ ምልክቱን ይዞት ወድቆ ኖሯል። ሳናውቀው ሰማያዊውን ትተን ነጩ ላይ ገብተናል። ግንዱን ወጥቼ ማዶውን አየሁ፤ ሽቅቡ ላይ፣ ከቅጠሉ ውስጥ፣ ሌላ ነጭ ብልጭ አለ።

«ይቀጥሉ፣ አባባ» አልኩ። «መንገዱን እኔ እይዛለሁ።»

«ቤዛ...»

«እርስዎ ተረቱን ይያዙ። እኔ መንገዱን።»

እጄን ሰጠኋቸው፤ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ግንዱን ተሻገሩ። ከፊት ሆንኩ። ነጩን አገኛለሁ፣ እነካዋለሁ፣ ቀጣዩን እፈልጋለሁ። ከኋላዬ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተረቱ መጣ፤ «ሚዳቋ መሬቱን ስታይ ... የወተት ቅል አየች ... የማር ሰፈፍ አየች ... አጥንት ግን የለም። አንዲት አጥንት የለችም!» መንገዱ ድንጋይ ሆነ። ዛፎቹ አጠሩ፣ ሳሱ፤ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ልቤ ፈራ፤ ፀሐይ ካገኘን ያቆማሉ ብዬ አንዴ ፍጥን፣ አንዴ ዝግ አልኩ። ከዚያ ዛፉ አለቀና ባዶ ቋጥኝ ላይ ወጣን። ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ተራራው ጫፍ ላይ ቆመን ነበር።

አባባ ይርጋ ፀሐይዋን አዩ። ጃንጥላቸውን ሊዘረጉ ጀመሩ፤ ጥላ ሠርተው ሊያመሹልኝ እንደሆነ ገባኝ። ግማሽ ላይ ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ መልሰው አጠፉት፣ ብብታቸው ሥር አደረጉት፣ ደረታቸውንም ነፍተው ዙሪያችን የተቀመጡት ፈረንጆች እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብለው ጨረሱት።

«ሚዳቋም ‹ጌታዬ፣ እሺ ይብሉኝ! ግን በየትኛው ጥርስዎ ነው የሚጀምሩኝ? አንድ ጊዜ ያሳዩኝና ልሰናዳ› አለችው። አንበሳው አፉን ግጥም አደረገ። ይኸው እስካሁን አልከፈተውም! ሚዳቋም ዘወር ብላ፣ የመንገዱን መሃል ይዛ፣ እየዘለለች ቤቷ ገባች። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!»

እኔ አባባሉ ምሳሌ መሆኑን አላወቅኩም። ከቦርሳዬ እናቴ ያስያዘችንን ዳቦ አውጥቼ ከንፈራቸውን ከዳር እስከ ዳር አበስኩላቸው። «ሐኪሙ እንዳይሰማ» አሉና ጎረሱት። ከሩቅ፣ ከአረንጓዴው ባሻገር፣ የአትላንታ ፎቆች እንደ ጥርስ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ሳያቸው ሳቅሁ፤ በድምፅ።

በአስፋልቱ፣ መሃል መሃሉን ወረድን። እናቴ መኪናውን ፓርክ እያደረገች ደረስን። «ምነው ላብ በላብ ሆናችሁ?» አለች።

«ጠፍተን ነበር» አሉ አባባ ይርጋ። «ልጅሽ አወጣችኝ።»

«ይህቺ?»

አባባ ይርጋ የፊተኛውን በር፣ ሁልጊዜ እሳቸው የሚቀመጡበትን፣ ከፍተው «ግቢ» አሉኝ፤ እሳቸው ከነሙሉ ልብሳቸው ከኋላ ተቀመጡ።

ማክሰኞ ሄዱ። ለዓመታት ከሲያትል ይደውሉልኝ ነበር፤ «እኔ ጋ ገና ፀሐይ ነው፣ አንቺ ጋ ግን መሽቷል፤ ስለዚህ ይፈቀዳል» ብለው አንድ ተረት ያወርዳሉ። እኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ወገቧን ታመመችና ወደ ሥራ ገባሁ። ብዙ ነገር ሳይነገረኝ ቀርቷል። ግን አንድ ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ፣ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ «ቅረቢ!» ሲለኝ፣ ሳልንቀጠቀጥ መጀመሪያ ደጁ ላይ አጥንት መኖሩን አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ባለፈው ጸደይ ልጄን ሳራን ወደዚያ ተራራ ወሰድኳት። ቀትር ነበር፤ በነጩ መንገድ እጇን ይዤ፣ ፀሐይ ላይ፣ ያንኑ ተረት ጀመርኩላት። ያ ግንድ በስብሶ ሽበት አብቅሏል፣ እንጉዳይ ለብሷል። እሱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ማሚ፣ መንገዱ ፊኒሽ አደረገ» አለችኝ።

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና አለች። ማዶውን ስትፈልግ ዓይኗን አየሁት። እጇን ለቀቅኩና ከፊቴ አስቀደምኳት።