የተማለለት ቺንጋ

የሚስቴን ወንድም ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። እሱም አልወደደኝም። ሁለታችንም ይህን ደብቀን አናውቅም። ሐዋሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ መኪና ፈላጊው በዝቶ ነበርና፣ እሱ ያገለገሉ መኪኖች ከአዲስ አበባ እያመጣ ይሸጥ ነበር። እኔ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ነበረኝ። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ፣ የቀረውን ከመጽሐፍና ከመዝገበ ቃላት በራሴ ለቃቅሜአለሁ። እሱ ይህን ስለሚያውቅ በሰው ፊት «ዱቄታሙ ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ስቄ አላውቅም።

ያም ሆኖ መኪና የገዛሁት ከእሱ ነው። ሚስቴ «ወንድሜ እያለ ከባዳ ልትገዛ ነው?» አለች። ነጭ የቤት አውቶሞቢል ናት። ግቢ ባስገባኋት ቀን፣ ያን ጊዜ ታጭታ የነበረችው የመጀመሪያ ልጄ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «አባዬ፣ ከዚህ ቤት የምወጣው በዚህች ነው፤ እርስዎ እየነዱ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እኔ እሺ የምለው ለጥቂት ነገር ነው። ያልኩትን ግን አደርጋለሁ።

ስለ ቺንጋ ከእኔ ጋር መከራከር ከባድ ነው፤ ወፍጮ የሚኖረው በቺንጋ ነውና። የወፍጮ ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ይጮኻል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ባለቤቱን ይለምናል። የመኪናው ታይሚንግ ቺንጋ ግን ሌላ ነው። ከሞተሩ ፊት በሽፋን የተደበቀ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው። ፒስተኖቹ የታሰሩበትን የታችኛውን ዘንግና ቫልቮቹን የሚከፍተውን የላይኛውን ዘንግ አንድ ላይ አስተካክሎ ያዞራል። አያስጠነቅቅም። በተበጠሰ ቅጽበት ሞተሩ ይጠፋል፤ በብዙ ሞተሮች ደግሞ ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ወይም ይህን ያህል ዓመት ብሎ ይወስናል፤ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። አቧራና ሙቀት በበዛበት አገር ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። ሲበጠስ እቀይረዋለሁ የሚል ሰው የሚቀይረው ቺንጋ አይደለም፤ ሞተር ነው።

የመኪናዋ ቆጣሪ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር ትንሽ ነበር። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። መሪውም እጅ በሚይዘው ቦታ ላይ ተልጦ ያብለጨልጫል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እግር የበላው ጎማ አይመለስም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበርና ቀኑ ሲቃረብ የሚስቴን ወንድም ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት።

«ታይሚንግ ቺንጋዋ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ከመሸጤ በፊት።»

«ማን ቀየረው?»

«ጋሼ፣ ደግሞ መርማሪ ሆኑ?»

«ማን ቀየረው አልኩህ።»

ከወንበሩ ተነሣ። እጁንም አነሣ። «እናቴ የተኛችበት አፈር ይመስክርብኝ፣ ተቀይሯል! አሁን ወደ ዱቄትዎ ይሂዱልኝ።»

የሄድኩት ወደ ጋራዥ ነው። ሽፋኑን ከፍቶ እንዲያይልኝ ከመካኒኩ ጋር ለማግስቱ ተቀጣጠርን። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። አመሻሹ ላይ የሚስቴ ወንድም ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው በእናቱ መቃብር ከማለ በኋላ ነገሩን መፈተሽ፣ ሰውየውን በአደባባይ ውሸታም ብሎ መስደብ ነው።

«ምሏል አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ።

«ምሏል፣ አባቴ።»

«በእናቱ።»

«አዎ። ቺንጋው ግን አልማለም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጡ። ታላቁ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። «ከመሐላ በኋላ ፍተሻ የለም። እኛ የምናውቀው ይህንን ነው።»

«ጥቂት ብሎኖች ናቸው፣ አባቴ። ተከፍቶ ይታያል፤ ተመልሶ ይዘጋል።»

የሚስቴ ወንድም በር ላይ እንደቆመ ነበር። «ጋሼ ያችን ሽፋን ካስከፈቱ እሁድ ሠርጉ ላይ አልገኝም» አለ። «የእናቴን አፈር በመፍቻ ለሚቆፍር ሰው ድግስ አልቀመጥም።»

ሚስቴ ማልቀስ ጀመረች። «ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። የማለባትም እናቱ የእኔም እናት ናት» አለችኝ።

ሽማግሌ ክቡር ነው። የተጣላ ሰው ያስታርቃል፣ የተቀያየመ ባልና ሚስት ይመልሳል። ቺንጋን ግን ማንም አያስታርቀውም። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ልጄ ከጓዳ ወጣች። እጇ እንሶስላ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አባዬ፣ አያስከፍቱት።»

«ሳላይማ አንቺን ጭኜ አልነዳትም።»

«አይንዷት። በሌላ መኪና እሄዳለሁ።»

«እሺ ብዬሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «አጎቴ ይምጣልኝ።»

ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት እንዲህ ያለ ምርጫ ሊቀርብላት አይገባም ነበር። እኔና እሱ አቀረብንላት።

እሁድ ልጄ በሰው መኪና ወጣች። አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ፎቶ ሊነሡ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ሲወርዱ፣ የእኔ ነጭ መኪና ታጥባ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። የገባው እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። የሚስቴ ወንድም ድንኳኑ መካከል ቆሞ፣ «ለልጁ መኪና የነፈገ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤንዚኑ እንዳያልቅበት ነው እኮ!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ጠላ ይዤ እያለፍኩ ሰማሁት። የልጄ ቀን ነበርና ጠላውን መቅዳት ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሞተሯን ሳላስነሣ አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሽፋኑን ሲፈታ ብሎኖቹ ከዚህ በፊት መፍቻ ያረፈባቸው መሆናቸው ታየ፤ አንደኛው እንዲያውም ከሌላ መኪና የመጣ ነበር። ሽፋኑ ተነሣ። የቺንጋው ጀርባ በበጋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጥርሶቹም እዚህም እዚያም ተበልተዋል።

«ተቀይሯል» አለ መካኒኩ ቺንጋውን እያጠፈ። «ግን ሌላ መኪና ላይ በሠራ ቺንጋ ነው የተቀየረው። አሮጌ አውጥተው አሮጌ አስገቡ።»

እንግዲህ የሚስቴ ወንድም አልዋሸም። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ለአንድ ጋራዥ ቀይሩልኝ ብሎ ሰጠ፣ ቀየርን አሉት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ሳያይ ማለ። ባላዩት ነገር በእናት መቃብር መማል ከውሸት የሚሻለው በጥቂቱ ነው። መሐላ የሰውየውን ልብ ይናገር ይሆናል፤ ሽፋኑ ሥር ያለውን አይናገርም።

አዲስ ቺንጋ አስገባሁ። አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው?»

«የማልክለት።»

አወጣው፤ አጠፍ ሲያደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ።

«ተቀይሯል አላልኩም?»

«ተቀይሯል። በአሮጌ።»

«እሱን አልጠየቁኝም።»

«እንዳላይ ሽማግሌ የላክህብኝ አንተ ነህ።»

«ይውጡልኝ!»

ወጣሁ። ቺንጋውን ግን አልወረወረልኝም፤ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ።

ማክሰኞ መልስ ነበር። ሙሽሮቹ ከቱላ፣ ከሙሽራው ቤተሰብ ቤት ወደ እኛ ይመጣሉ። ነጯን መኪና አስነሥቼ ስወጣ ሚስቴ መንገድ ላይ ቆመችብኝ። «የሙሽራ አባት ሄዶ ሙሽራ ያመጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«እሺ ብያታለሁ» አልኳት።

ሙሽራውና ሚዜው ከኋላ ተቀመጡ፤ ልጄ ከጎኔ። ትንሽ እንደሄድን፣ «አሁንስ አይበጠስም?» አለችኝ።

«አዲስ ነው። ዕድሜው ሳይሞላ እቀይረዋለሁ።»

«አጎቴ አለ?»

«ቤት ነው። አያናግረኝም።»

«እርስዎስ?»

«እኔም አላናግረውም።»

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ክንዴን ነካችኝ። «አባዬ፣ ጥሩምባ ይንፉልኝ።»

ያለ አደጋ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ስጠላ ነው የኖርኩት። ልጆቼንም ጥሩምባ ለአደጋ እንጂ ለጭፈራ አልተሠራም ብዬ ነው ያሳደግኋቸው። የሚስቴ ወንድም የግቢያችን በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ወደ መኪናዋ ያያል። መሪው መካከል ላይ መዳፌን አሳረፍኩና ጫንኩ። ሚዜው አጨበጨበ። ልጄ እንሶስላ በቀላ እጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። እሱ ከበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም መዳፌን አላነሣሁም።

ግማሹን ለእሷ ነፋሁት። ግማሹን በእሱ ላይ።