የግራው ረድፍ ውሃ

ሰላማዊ ሑመራ ላይ መምህርት ነበረች። አሁን መቐለ ውስጥ፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ዝናቡ ቀርቶ ከተማዋ የምትጠጣባቸው የዓይናለም ጉድጓዶች ሲጎድሉ ውሃ በቦቴ መምጣት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ አተት ገባ። ተመራማሪዎች የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ድርቅ፣ መፈናቀልና ወረርሽኝ ሲደራረቡ ሰው እንዴት እንደሚተርፍ ያጠናሉ። ከነዋሪው መካከል አንድ የተማረ ሰው ፈልገው ሰላማዊን ቀጠሯት።

ሥራው ቀላል ነበር። በቀኝ ረድፍ ላሉ ክፍሎች የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ታድላለች። የግራው ረድፍ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ምንም አያገኝም፤ ማነጻጸሪያ ነው። እናቷ ኣደይ ምጽላል ከወንድሟ ከሓፍቶምና ከልጆቹ ጋር የሚኖሩት በግራው ረድፍ ነበር።

ሰላማዊ አንድ ጠርሙስ ክሎሪን በነጠላዋ ሸሽጋ ወሰደችላቸው።

«ለቤታችሁ ብቻ ነው፣ ኣደይ። ለማንም አትስጪ።»

«ጓለይ፣ ደጄን ረግጦ ውሃ ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው አለ? ጎረቤቴን ‹ይህ የኔ ነው› ልበላት? ያን ቀን ቅበሪኝ።»

ከጠርሙሱ በልክ በርሜላቸው ውስጥ አንቆረቆሩ። ወሬው ሲዳረስ የረድፉ ሰው ከቦቴ የቀዳውን እዚያው በርሜል እየገለበጠ፣ ከዚያው እየቀዳ ይጠጣ ጀመር። ሰላማዊ አንዱ ጠርሙስ ሲያልቅ ሌላ አመጣች።

በነሐሴ የጥናቱ አስተባባሪ ወንድሜነህ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሁለቱን ረድፎች ሕሙማን አነጻጸረ። ልዩነት አላገኘም።

«መድኃኒቱ እዚህ ለውጥ አላመጣም» አለ። «በጀቱን ወደ ሌላ ቦታ እናዞረዋለን።»

«አምጥቷል!» አለች ሰላማዊ። «የግራዎቹም ጠጥተውታል። የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ።»

ወንድሜነህ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መምህርት ነሽ አይደል? ክፍሉ በሙሉ ሲኮራረጅ ፈተናውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እሰርዘዋለሁ።»

«እኔም እንደዚያው።»

«የቀሩትን ጠርሙሶች እንኳ ተዉልን።»

«የጥናቱ ንብረት ናቸው። ጥናቱ ከተሰረዘ ይመለሳሉ።»

ካርቶኖቹ በዚያው ቀን ተጫኑ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ኣደይ ምጽላል ታመሙ። ጠዋት የጀመራቸው ተቅማጥ ቀትር ላይ ዓይናቸውን አጎድጉዶት ነበር። የመጀመሪያው ባለባጃጅ የራሰውን ቀሚሳቸውን አየና ትቷቸው ሄደ። ሁለተኛው ላስቲክ አንጥፎ አሳፈራቸው። ወደ ዓይደር ሆስፒታል ሲጣደፉ ሮማናት አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ የፊተኛው ታክሲ ሰው ሲያወርድ ኣደይ ምጽላል በሰላማዊ ትከሻ ላይ ሞቱ።

አስከሬኑን ወደ መጠለያው መለሱት። በአተት የሞተ ሰው ሳይረጭ አይገነዝም ተብሎ አንድ የጤና ሠራተኛ መርጫ አዝሎ መጣ። ፊታቸውን፣ ቀሚሳቸውን፣ የተኙበትን ወለል በክሎሪን አራሰ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ለቅሶኛው ከበር ውጭ ቆሞ ቀረ።

ሰላማዊ ባዶ ጀሪካን ይዛ ጠጋች።

«የወንድሜ ልጆችም ማስመለስ ጀምረዋል። ለውሃቸው ትንሽ ቅዳልኝ።»

«ይህ ለሬሳ የተበጠበጠ ነው፣ እህቴ። አንጀት ይቆርጣል።»

«ለሚጠጣ ውሃ የሚሆን የለህም?»

«እሱን አልሰጡኝም» አለና መርጫውን አስተካክሎ አዝሎ፣ እንደነሱ ሰው የሞተባቸው በር ላይ ቆመው ወደሚጠብቁበት ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደ።