የሐጂ ነስሩ ልጅ ሠርግና የፎቶ ቤቴ ሞኒተር

ሥራ የጀመርኩት ወልቂጤ ነው፤ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት። ከአገና ወርጄ በሩ ላይ ስቆም ካሜራ የሰጡኝ እንዳይመስላችሁ። ኮት ነው የሰጡኝ። ለደንበኛ የምናውሰው አንድ ጥቁር ኮትና ቋጠሮው የማይፈታ አንድ ክራባት ነበር። ሥራዬ ኮቱን አራግፎ ማልበስና ተነሺው ይዞት እንዳይሄድ መጠበቅ ነው።

በዚያው ቀን አንዱ ኮቱን እንደለበሰ "መጣሁ" ብሎ ወጣ። ስከተለው እህል ተራ አገኘሁት፤ ጤፍ እየተከራከረ ነው። ኮት የለበሰ ሰው ይከበራል፣ ይቀነስለታል ብሎ ነው ለካ። ሻጮቹ ግን ኮቱን አይተው ጨመሩበት። ተናዶ እዚያው አውልቆ ሰጠኝ።

ጋሽ ተክሌ ቆይተው ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ቀይ አምፖል፣ ኬሚካል፣ ማጉያ፣ ሁሉንም እዚያ ለመድኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የኬሚካሉን ጽሑፍ ባላነብም ሽታውን አውቀዋለሁ። ጋሽ ተክሌ ደጋግመው የሚናገሩት ስለ ፊት ነበር። ሰው ሱሪው ቢጠቁር አያይም፣ ፊቱ ከተበላሸ ግን አይምርህም ይሉ ነበር።

በኋላ ቡታጅራ የራሴን ቤት ከፈትኩ። የቡታጅራ ፎቶ ቤት የሚኖረው በመስቀልና በአረፋ ነው። አዲስ አበባ የሚነግደው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ ይበላል፣ ይድራል፣ ከዘመዱ ጋር ፎቶ ይነሣል። የቀረውን ጊዜ ጉርድ ፎቶ እያነሡ መቆዘም ነው።

ሚሊኒየሙ ሲያልፍ ሁሉም ዲጂታል ሆነ። እኔ ፊልሜን አልተውም ብዬ ቆየሁ። ግን ሰው ተነሥቶ እንደጨረሰ ካሜራዬን ገልብጦ ከጀርባው ፎቶውን መፈለግ ጀመረ። ምንም ሲያጣ እኔን ያየኛል። ባለቤቴ አስካለ "አንተን ሳይሆን ካሜራውን ነው የታዘቡት፤ ቀጥሎ አንተን ነው" አለችኝ። ገዛሁ።

ከካሜራው ጋር ኮምፒውተርም ገዛሁ፤ አብሮት የመጣው ሞኒተር የድሮው ወፍራም ነበር። ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። ማዶ ያለው ፎቶ ቤት እንደ ትሪ የሳሳ ሲያስገባ አስካለ የእኛን በጨርቅ ትሸፍነው ጀመር፣ እንግዳ እንዳያየው። እኔም ሄጄ ቀጭን ገዛሁ። ያኔ ስመርጥ ያየሁት ሁለት ነገር ነው፤ መሳሳቱንና ብርሃኑን። ከሱቁ ሁሉ የሚያበራውን ይዤ መጣሁ። ሲበራ ግድግዳው ሁሉ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ነበር የሚያምረው እንዳልል፣ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል።

በዚያ ዓመት ሐጂ ነስሩ ልጃቸውን ሩቂያን ዳሩ። ሐጂ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከመስቃን እስከ ቆሼ የማያውቃቸው የለም። ለአረፋ የሚድር ዘመዳቸው ብዙ ነው። የሩቂያ ፎቶ ካማረ ያ ሠርግ ሁሉ እኔ ቤት ነው፤ ካላማረ ማዶ ይሻገራል። ለማዶው ሰው ያን ከምሰጥ ቤቴን ብዘጋ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ አገር የሠርግ ፎቶ አንድ ሰው አይመርጥም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመጣል። ሽማግሌ ሞኒተሩ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ወጣት ከኋላ ይቆማል፣ የሚወስነው የተቀመጠው ነው። ሽማግሌ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ እኔ ወንበር ላይ ከፍ ብዬ ልቀመጥ? ነውር ነው። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ከጎን አጎንብሼ ማውሱን ያዝኩ።

ሐጂ፣ ልጄ ጠቁራለች፣ ፊቷን አብራልኝ አሉ። አበራሁ። አሁንም ጨምር አሉ። ከኋላ የቆመው ልጃቸው ሙዘሚል፣ አባ ነጣች እኮ፣ ይበቃል አለ። ሐጂ ሳይዞሩ፣ ከእኔ በላይ ልጄን ታውቃታለህ ወይ አሉት። ጨመርኩ። አልበሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታትሞ መጣ።

ሩቂያ ቡላ መስላ መጣች። ቬሉ የት አልቆ ግንባሯ የት እንደሚጀምር አይለይም። ሁለት ቅንድብ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የሙሽራው ወገኖች እኛ የወሰድናት ጠይም ናት፣ ይችን መቼ ሰጣችሁን ብለው ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። አልበሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ልጄን መልስልኝ ብለው ወጡ።

አዲስ አበባ ሄጄ ከማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ተጣላሁ። ማሽንህ ነው የሚያነጣው አልኩት። የላክሁትን ፎቶ በራሱ ስክሪን ከፍቶ አሳየኝ፤ እዚያም ነጭ ናት። ስክሪንህም ተበላሽቷል አልኩት። እሱም፣ "አባባ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ተመካክረው ነው የተበላሹት?" አለኝ። የእኔ ስክሪን ደህና መሆኑን ላስመሰክር ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ።

ሐጂን ከነቤተሰባቸው ጠራሁ። መጡ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ እንደ በፊቱ ተቀመጡ፣ እንደ በፊቱ ቆሙ። ያንኑ ፎቶ ከፈትኩ። ሐጂ አዩና እዚህ ደህና ናት አሉ። አዲስ አበባ ስትደርስ ነው የምትነጣው አሉ፤ ልጅቷ ራሷ የሄደች ነው የሚመስለው። ሙዘሚል እዚህም ነጭ ናት አለ። ያኔ ሐጂ ዞሩ።

"ዓይኔ ፈሷል ነው የምትለው?"

"አላልኩም አባ።"

"ታዲያ ምንድነው ያልከው?"

ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ሊነሡ ሆኑ። ከተነሡ የሚገቡት ማዶ ነው።

አብራቸው የመጣችው ሩቂያ አባቷና ወንድሟ በእሷ ፎቶ ሊቀያየሙ ነው ብላ ፈራች መሰለኝ፣ መጥታ ለወንድሟ ይቅርታ ልትጠይቅ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከጉልበታቸው ሥር ሆና ቀና ስትል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

"አባ፣ እዚህ ከሰል ሆኛለሁ።"

ተነሥታ ቆመች። "እዚህ ደግሞ ቡላ።" እንደገና በርከክ አለች። "ከሰል።"

ሙዘሚል በርከክ ብሎ አየ፣ ተነሣ፣ ደግሞ በርከክ አለ። አክስቶቹ ተከተሉ። እኔም ከጎን ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጎን ስል አንገቴ ተጣመመ። በጎኑ ቢጫ ናት። ስክሪኑ የማይዋሸው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ለሽማግሌ ብዬ ገፋ ካደረግሁት ወንበር ላይ፤ ከዚያ ልክ እንደ አልበሙ ናት። ፎቶው ሲመረጥ ግን በመከባበር ማንም አልተቀመጠበትም። አስካለ ሻይ ይዛ ስትገባ ሁሉም ቁጭ ብድግ ሲል አይታ "ስፖርት ጀመራችሁ እንዴ?" አለች።

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። አዩ። ተቀመጡ፣ አዩ።

"ሙዘሚል፣ አንተም ልክ ነህ። እኔም ልክ ነኝ። ዋሾው ዕቃው ነው።"

ሌላ ልግዛና ሥራውን እንደገና ልሥራልዎ አልኳቸው። ፈቀዱ፤ ግን ብቻህን አትሄድም አሉኝ። "ቁጭ ብሎ የሚያይልህ ሰው ያስፈልግሃል" ብለው እሳቸው ራሳቸው መርካቶ አብረውኝ ሄዱ።

ይዤ የሄድኩት የአስካለን ፎቶ ነው፤ በወረቀት ደህና ሆኖ የታተመውን በኪሴ፣ ያንኑ ፎቶ ደግሞ በፍላሽ። ሻጩ የአረቅጥ ልጅ ነው። የአገሩ ሰዎች መሆናችንን ሲሰማ ደስ ብሎት ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ሞኒተር ከፈተ፣ ኳስ ጨዋታም ለቀቀበት። ሣሩ እንዴት እንደሚያምር አሳየኝ። እኔ ሣር አላነሣም፣ ሰው ነው የማነሣው፣ ይችን ክፈት አልኩት።

ሐጂ የሚቀመጡበት ጠየቁ። ወንበር መጣላቸው። "ከፍ ይላል" ብለው የፕሪንተር ካርቶን ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። አንዱን ከፈተ፤ ወረቀቱን ከጎኑ ያዝኩ። አስካለ በወረቀቱ ቀይ ዳማ ናት፣ በስክሪኑ ቢጫ።

"ሚስትህን የወፍ በሽታ ይዟታል" አሉ ሐጂ ከታች።

ሌላው ሰማያዊ አደረጋት። ይች ደግሞ በርዷታል አሉ። ሦስተኛውን እኔ ቆሜ ወደድኩት፣ ሐጂ ከካርቶናቸው ላይ እንደ ጥላ ነው የምትታየኝ አሉ። መንገደኛው ተሰበሰበብን። አንድ ሽማግሌ ሌላ ካርቶን ስበው ከሐጂ ጎን ተቀምጠው አስተያየት ይሰጡ ጀመር፣ ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሻጩ ሲሰለቸው ከጓዳ አንድ አመጣ። ቢሮ ያገለገለ ነው፣ ወፈር ይላል፣ መስታወቱ አያብረቀርቅም። ይሄን ደንበኛ አይወደውም፣ ደብዛዛ ነው አለኝ። አስካለን ከፈተልኝ። ወረቀቱን አስጠጋሁ፤ ራሷ ናት። ከግራ አየሁ፣ ራሷ ናት። ወደ ሐጂ ጎንበስ አልኩ። ሐጂ ካርቶኑን መታ መታ አድርገው ተነሡና ዋጋ መከራከር ጀመሩ። እንደወደዱት በዚያ አወቅሁ።

ልጁ የመስታወቱ ዓይነት ነው የሚለያየው ብሎ ስሙን በእንግሊዝኛ ነገረኝ፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት ሌላውን ምክሩን ነው። ብርሃኑን ቀንሰው፣ ወረቀት ያን ያህል አያበራም፤ ፀሐይ ከበሩ እንዳይመታውም መጋረጃ ያድርጉ አለኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። አስካለ ቤቱን መቃብር አስመሰልከው አለችኝ።

ፎቶውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት። አልበሙ ሲመጣ ሐጂ ወደ በረንዳ ይዘውት ወጡ፣ ፀሐይ ላይ ገለጡት። ሩቂያ ጠይም ናት፣ ቬሉ ነጭ ነው፣ ቅንድቧ ግንባሯ ላይ ነው።

"አሁን ልጄ ናት" አሉ።

ገልጠው ገልጠው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ይህ ሽማግሌ ማነው አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ጉንጫቸውን ዳበሱ። ትንሽ አታበራኝም ወይ አሉ። እኔም፣ "ሐጂ፣ ይሄኛው ሞኒተር ይሉኝታ የለውም" አልኳቸው። የሁለተኛዋ ልጃቸው ኒካህ ከአረፋ ማግሥት መሆኑን ነገሩኝ፤ ማዶ እንዳልሄድ ቀኑን ያዝልኝ ብለው አልበሙን በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

ፎቶ ቤት ለምትከፍቱ የምለው ይሄው ነው። ሞኒተር ስትገዙ ደህና የታተመ የምታውቁትን ሰው ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ቆማችሁ እዩት፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ከጎን እዩት። ፊቱ ከተለወጠ አትግዙ።